አንድ ክሊክ ለእናንተ ስንት ያወጣል? ጅማ ላይ ስለ ጎግል ማስታወቂያ የተደረገ ንግግር

ይህ ጅማ ውስጥ ለነጋዴዎች፣ ለጌስት ሃውስ ባለቤቶችና ዌብሳይት ለሚሠሩ ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተባለውን ብዙም ሳልነካካ ነው የጻፍኩት። መጨረሻ ላይ የተነሡትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ!

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ዌብሳይት አላችሁ፣ ወይም እያሠራችሁ ነው። ቡና የምትልኩ አላችሁ፣ ማር የምታሽጉ አላችሁ፣ አልጋ የምታከራዩ፣ የጅማን በርጩማና የእንጨት ሥራ የምትሸጡም አላችሁ። ዌብሳይቱ አልቆ የሠራው ልጅ ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ሁላችሁም ጋ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። ማን ያየዋል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ማንም አያየውም። ወይ ሊንኩን ራሳችሁ ትልኩለታላችሁ፣ ወይ ሰውየው ጎግል ላይ ፈልጎ ያገኛችኋል፣ ወይ ደግሞ ከፍላችሁ ታመጡታላችሁ። ዛሬ የማወራው ከፍሎ ስለማምጣት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ጎግል ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፣ ከውጤቶቹ ጋር የእናንተ ማስታወቂያ ይወጣል። ስለታየ አትከፍሉም፤ የምትከፍሉት ሲነካ ነው። አንዱ መነካት አንድ ክሊክ ይባላል። ሺህ ሰው አይቶት አንድም ሰው ካልነካው ሂሳቡ ዜሮ ነው። ደስ ይላል አይደል? ደስ ይላል፣ ግን የነካ ሁሉ አይገዛም። ተማሪው ለአሳይመንቱ ብሎ ይነካዋል። ሥራ ፈላጊው ይነካዋል። ስልኩን ሲያንሸራትት አውራ ጣቱ ያረፈበትም ይነካዋል። ለሁሉም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ። ገንዘባችሁን የምታወጡት ለአንድ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ እጃችሁ ላይ ያለውን ጥያቄ ብቻ ግዙ፣ ሌላውን ለሌላው ተዉት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ቢል ግሮስ የሚባል ሰው ጎቱ ዶት ኮም በሚባል መፈለጊያ ላይ ቦታውን ለጨረታ አወጣው። ለአንድ ክሊክ ብዙ የሚከፍል ላይ ይወጣል፣ ትንሽ የሚከፍል ታች ይሆናል። ኩባንያው ኋላ ስሙን ኦቨርቹር ብሎ ቀየረ፣ በ2003 ደግሞ ያሁ ገዛው። ጎግል በ2000 አድወርድስ የሚባለውን የማስታወቂያ አገልግሎቱን ሲጀምር የሚያስከፍለው በክሊክ አልነበረም፣ ማስታወቂያው በታየበት ብዛት ነበር። በ2002 ነው ወደ ክሊክ ጨረታ የገባው። ዛሬ ጎግል አድስ የምንለው ስም የመጣው በ2018 ነው።

ታሪኩን ያነሣሁት ጎግል ጨረታው ላይ ስለጨመራት አንዲት ነገር ስል ነው። ቡና ነጋዴዎች የምርት ገበያን ጨረታ ታውቁታላችሁ፣ ጥሩ ዋጋ የሰጠ ዕቃውን ይወስዳል፣ አለቀ። እዚህ ግን ዋጋ ብቻውን አይበቃም። ጎግል ማስታወቂያችሁ ምን ያህል ሊነካ እንደሚችል፣ ከተጻፈው ጥያቄ ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝና ሰውየው ሲነካው የሚያርፍበት ገጽ ምን ያህል እንደሚረባ ይመዝናል። ለዚህም ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣችኋል። ነጥቡ ጥሩ የሆነለት ሰው ከእሱ የበለጠ ዋጋ ከሰጠው ሰው በላይ ሊወጣ ይችላል። የምትከፍሉትም ብዙ ጊዜ «እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» ብላችሁ ከጻፋችሁት ያነሰ ነው፣ ቦታውን ለመያዝ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው የሚወሰድባችሁ። እንግዲህ ትንሽ በጀት ያለው ሰው ተስፋው እዚህ ላይ ነው። ኪሱ ትልቅ የሆነውን በገንዘብ አትችሉትም። ለጥያቄው በደንብ በመመለስ ግን ትችሉታላችሁ።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ብዙ ሰው አካውንት ከፍቶ ካርዱን ካስገባ በኋላ ነው «አንድ ክሊክ ስንት ነው?» የሚለው። ጥያቄው መጀመር ያለበት ከሌላው ጫፍ ነው፤ አንድ ክሊክ ለእኔ ስንት ያወጣል?

ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጌስት ሃውስ አላችሁ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ያመጣኋቸው ናቸው፣ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። አንድ እንግዳ ሁለት ሌሊት ያድራል። የአንሶላ አጠባውን፣ የቁርሱን፣ የመብራቱን፣ የሠራተኛውን ሁሉ ስትቀንሱ በሌሊት 800 ብር ይተርፋችኋል። ከአንድ እንግዳ 1,600 ብር ማለት ነው። ዌብሳይታችሁን ካዩት 100 ሰዎች 2ቱ አልጋ ቢይዙ ከ100 ክሊክ 3,200 ብር አገኛችሁ። ለመቶ ስታካፍሉት አንድ ክሊክ 32 ብር ያወጣል። 32 ብር ከከፈላችሁበት ለጎግል በነፃ እየሠራችሁ ነው። 40 ብር ከከፈላችሁ እየከሰራችሁ ነው። 15 ብር ከሆነ ግን ሥራው ሥራ ነው። ከመቶው አልጋ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ 32ቱ ወደ 16 ይወርዳል። ለዚህ ነው ሰዎቹን ከማምጣት እኩል ገጹን ማስተካከል ገንዘብ የሚሆነው።

ቡና የሚልክ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። አንድ ኮንቴይነር ጥሬ ቡና በተለመደው ጭነት 320 ጆንያ፣ 19.2 ቶን ገደማ ነው። ከብዙ መቶ ክሊክ አንድ ገዢ ናሙና ጠይቆ፣ ቀምሶ፣ ከወራት በኋላ አንድ ኮንቴይነር ቢያዝ የማስታወቂያው ወጪ ሊሸፈን ይችላል። ለእናንተ ክሊኩ ውድ ቢሆንም ላያስፈራ ይችላል። የሚያስፈራው ትዕግሥት ማጣት ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አልተሸጠም» ብሎ መዝጋት። ናሙና የጠየቀውን ሰው እንደ ውጤት ቁጠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ ሥራ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ሄርማታ ውስጥ ሱቅ ኖሯችሁ ደንበኛችሁ ሁሉ የሰፈር ሰው ከሆነ ለጎግል ክሊክ ገንዘብ አታውጡ። ጎግል ካርታ ላይ ሱቃችሁን መዝግቡ፣ ነፃ ነው። ስልክ ቁጥሩን፣ የምትከፍቱበትን ሰዓት፣ ጥሩ ፎቶ አስገቡ፤ የቴሌግራም ቻናላችሁን አጠናክሩ። በክሊክ መክፈል የሚጠቅመው ገዢው ሩቅ ሲሆንና ስማችሁን ሳያውቅ ዕቃችሁን ሲፈልግ ነው። ለምረቃ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወላጅ፣ የጅሬንን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሊያይ የሚመጣ ጎብኚ፣ ጥሬ ቡና ገዝቶ የሚቆላ የውጭ አገር ነጋዴ፣ እነዚህ ናቸው የእናንተ ሰዎች።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ቃላቱ። ኪወርድ ትሉታላችሁ፤ ሰው ሲፈልግ ማስታወቂያችሁ እንዲወጣ የምትመርጡት ቃል ማለት ነው። ጊዜ የምወስደው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚፈሰው በዚህ ቀዳዳ ነው።

አካውንቱ ውስጥ ኪወርድ ስታስገቡ ሦስት ዓይነት አገባብ አለ። ቃሉን እንዲሁ ከጻፋችሁት ጎግል በሰፊው ይተረጉመዋል፣ ተዛማጅ ነው ብሎ ላሰበው ሁሉ ያወጣችኋል። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከጻፋችሁት ያንን ሐሳብ የያዘ ጥያቄ ሲመጣ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ካደረጋችሁት ደግሞ ትርጉሙ ከዚያው ጋር አንድ ለሆነ ጥያቄ ብቻ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በሰፊው አትጀምሩ። በጥቅሱና በቅንፉ ጀምሩ። ጎግል ሰፊውን ይመክራችኋል። ብዙ ውጤት የተከማቸበት አካውንት ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ትናንት በተከፈተ አካውንት ላይ ግን በጀታችሁን በጠዋቱ ይጨርሰዋል።

አሁን አንድ ነገር በቅርብ እንይ። «የፍለጋ ቃላት» የሚል ሪፖርት አለ። እናንተ ያስገባችሁትን ሳይሆን ሰዎቹ በእጃቸው የጻፉትን ያሳያል። ሁሉንም አያሳይም፣ ግን የሚያሳየው ይበቃል። «ጅማ ሆቴል» ብላችሁ በሰፊው ብትገቡ እዚያ ውስጥ ምን ልታገኙ እንደምትችሉ እዩ። ጅማ ሆቴል ዋጋ፤ ይሄ የእናንተ ነው። ጅማ ሆቴል ክፍት የሥራ ቦታ፤ ይሄ ሥራ ፈላጊ ነው፣ ከፍላችሁበታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዶርም፤ ተማሪ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ውጤት፤ ይሄኛው የኳስ ደጋፊ ነው። ክለቡ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደ ነው፣ ሰው ይፈልገዋል፣ ግን አልጋ አይዝላችሁም። ቡና ላይማ ይብሳል። «የኢትዮጵያ ቡና» ብላችሁ አገር ውስጥ ማስታወቂያ ብታወጡ ቅዳሜና እሑድ የሚመጣላችሁ በዚሁ ስም የሚጠራው የኳስ ክለብ ደጋፊ ነው።

መድኃኒቱ ኔጌቲቭ ኪወርድ ይባላል። «ይህ ቃል ካለበት እኔን አታውጣኝ» የምትሉበት ዝርዝር ነው። ሥራ፣ ቅጥር፣ ደመወዝ፣ ውጤት፣ ጨዋታ፣ ሊግ፣ ነፃ፣ ፒዲኤፍ። ቡና ላኪ ከሆናችሁ ደግሞ የቡና ማሽን፣ አፈላል፣ ታሪክ፣ ካፌ። የተቆላ ቡና ለቤቱ የሚፈልገውንም አስወጡት። ግማሽ ኪሎ የሚገዛ ሰው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን እናንተ የምትሸጡት በኮንቴይነር ነው። ይህን ዝርዝር ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉ፣ ከጀመራችሁ በኋላ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሪፖርቱን እያያችሁ ጨምሩበት። እኔን ብትጠይቁኝ የዚህ ሥራ ግማሹ ይሄው ነው።

አጻጻፍም አለ። የከተማችንን ስም ሰው በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንዱ በአንድ ኤም ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት፣ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ኤ ይደግማል። የውጭ ቡና ገዢ ደግሞ ከፊቱ ዲ፣ ከኋላው ኤች ጨምሮ ይጽፈዋል፣ በንግዱ ዓለም ያ የቆየ አጻጻፍ ስለሆነ። የቡና አካባቢያችን የሊሙ ስምም እንደዚሁ አንዴ በአንድ፣ አንዴ በሁለት ኤም ነው። ጎግል የተቀራረበ አጻጻፍን ራሱ ያገናኛል፣ ቢሆንም የገዢያችሁን አጻጻፍ ማስታወቂያውና ገጹ ላይ አስገቡት። ራሱ እንደጻፈው ተጽፎ ሲያየው የሚሰማው ሌላ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሣን፣ ጎግል አድስ የሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አለው። ከዝርዝሩ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ ሊታገድ ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት ዝርዝሩን ተመልከቱ። ገዢያችሁ የውጭ ሰው ከሆነ መቼም በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፉት።

ማስታወቂያው ራሱ ትንሽ ቦታ ነው ያለው። አንድ ርዕስ እስከ 30 ፊደል፣ አንድ መግለጫ እስከ 90 ፊደል። እስከ 15 ርዕስና እስከ 4 መግለጫ ትሰጡታላችሁ፣ እሱ እያፈራረቀ ያሳያል። «ምርጥ አገልግሎት»፣ «ጥራት መለያችን» አትበሉ፣ ሁሉም የሚለው ነው፣ ለማንም ጥያቄ አይመልስም። ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። ዋጋው ስንት ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው በር በእግር ስንት ደቂቃ ነው፣ ሙቅ ውኃና ጄኔሬተር አለ ወይ። ቡና ከሆነ ደረጃው፣ የታጠበ ነው ወይስ ደረቅ፣ የትኛው ወረዳ፣ ትንሹ የምትሸጡት መጠን ስንት ነው። «ከአንድ ኮንቴይነር ጀምሮ» የሚል መስመር ማስታወቂያው ላይ ካለ ግማሽ ኪሎ ፈላጊው ራሱ ሳይነካ ያልፋል፣ ያ ለእናንተ ቁጠባ ነው።

አካውንት ስትከፍቱ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ አንዳንድ ነገር ሳትመርጡት ተመርጦ ይጠብቃችኋል። ጎግል መጀመሪያ በቀላሉ መንገድ ሊወስዳችሁ ይሞክራል፣ ባለሙያ የሚለውን ምረጡ፣ መቆጣጠሪያዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ለፍለጋ ማስታወቂያ ስትሠሩ «ዲስፕሌይ ኔትወርክ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ ካገኛችሁት አንሡት፣ አለበለዚያ ማስታወቂያችሁ በየዌብሳይቱና በየአፑ ይበተናል። ቦታ ላይም «እዚህ ያሉ ወይም ስለዚህ ቦታ ፍላጎት ያሳዩ» የሚል ተመርጦ ይመጣል። ለጌስት ሃውስ ይሄ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እንግዳው ገና አልመጣማ። ጀርመን ላለ ቡና ገዢ ከሆነ ግን «እዚያ ያሉ» ወደሚለው ቀይሩት። የገንዘብ ዓይነት አንዴ ከመረጣችሁ አይቀየርም፣ አስባችሁ ምረጡ። የቀን በጀት 5 ዶላር ብላችሁ አንድ ቀን 10 ዶላር ብታዩ አትደንግጡ፣ በአንድ ቀን እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። በወር ግን የቀኑን በጀት በ30.4 አባዝታችሁ ከምታገኙት አያልፍም።

ቀጥሎ የሚያርፍበት ገጽ። ሰውየው «ጥሬ የሊሙ ቡና» ብሎ ፈልጎ ነክቶ የድርጅቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከወደቀ፣ እዚያም የሥራ አስኪያጁ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክትና ሦስት የሚሽከረከሩ ትልልቅ ፎቶዎች ከተቀበሉት፣ ተመልሶ ይወጣል። ክሊኩን ግን ከፍላችኋል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ገጽ ሥሩለት። በስልክ ዳታ ክፈቱት፣ በቢሮ ዋይፋይ አይደለም። ከካሜራ በቀጥታ የተጫነ አራት አምስት ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ካለ አሳንሱት፣ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይበቃዋል። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባል የጎግል ነፃ መመርመሪያ አለ፣ አድራሻውን አስገቡለት፣ ምኑ እንደሚያዘገየው ይነግራችኋል። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን፣ ከፊቱ +251 ይኑረው። ዋጋ ጻፉ። «ለዋጋ ይደውሉ» የሚለው ልማድ እዚህ ጎጂ ነው፣ ሰው አይደውልም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

መቁጠርም አለ። ቅጽ ሞልቶ የላከ፣ ስልኩን የነካ፣ ዋትስአፕ ወይም ቴሌግራም ቁልፉን የተጫነ፣ እነዚህን ጎግል እንዲቆጥርላችሁ ዌብሳይቱን የሚሠራላችሁ ልጅ ታግ የሚባል አጭር ኮድ ያስገባላችሁ። ይሄ ሳይገባ አንድ ብር እንዳታወጡ። ሪሴፕሽን ላይ ደግሞ አንድ ደብተር አስቀምጡና የሚደውለውን ሁሉ «እንዴት አገኙን?» ብላችሁ ጻፉ። ማሽኑ የማያየውን ደብተሩ ያየዋል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ተከፈተ።

አንዲት ጌስት ሃውስ ያላቸው እናት «ተፎካካሪዬ ቁጭ ብሎ እየደጋገመ ቢነካብኝስ?» አሉ። እማማ፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ስጋት ነው። ጎግል ሐሰተኛ የሚመስሉትን ክሊኮች ለይቶ አያስከፍልም፣ ዘግይቶ ያገኘውንም ሂሳብ ላይ ይመልሳል። ሁሉንም ይይዛል ማለት አይደለም። አንድ ክሊክ የሚያወጣውን ካወቁና ወጪዎ ከዚያ በታች ከሆነ ግን እንቅልፍ አይንሳዎት። ይልቅ እርስዎም ልጆችዎም የራሳችሁን ማስታወቂያ አትፈልጉ፣ አትንኩም። እንዴት እንደሚወጣ ማየት ከፈለጉ አካውንቱ ውስጥ ቅድመ እይታ አለ፣ በዚያ ይዩት።

አንድ ወጣት «ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ፣ ማለት ከፍሎ ፖስትን ለብዙ ሰው ማሳየት፣ አይሻልም?» አለ። ሥራቸው ይለያያል ወንድሜ። ፌስቡክ ላይ ያለው ሰው አልጋ እየፈለገ አይደለም፣ የጓደኛውን ሠርግ ፎቶ እያየ ነው፤ እናንተ መሐል ትገባላችሁ። ሰው ስለመኖሩ የማያውቀውን ነገር ለማስተዋወቅ፣ ለምሳሌ አዲስ ዓይነት የታሸገ ማር፣ እሱ ይሻላል። ሰው ራሱ የሚፈልገውን ነገር የምትሸጡ ከሆነ ግን ጎግል።

ስለ ክፍያ ተጠየቅሁ። ውጭ አገር ላይ የሚሠራ የዶላር ካርድ ያስፈልጋል፣ ባንካችሁን ጠይቁ። የሰው ካርድ አትዋሱ፤ የክፍያው ሁኔታ ካጠራጠረው ጎግል አካውንቱን ያግዳል፣ ያንን ማስፈታት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

«የሚሠራልኝ ልጅ ብቀጥርስ?» ላለው፣ ቅጠር፣ ጥሩ ነው። አካውንቱ ግን በራስህ ኢሜይል ይከፈት፣ ለልጁ የመግቢያ ፈቃድ ስጠው። በእሱ ኢሜይል ከተከፈተ ስትለያዩ የሰበሰብከው መረጃ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። የምታወጣውንና የፍለጋ ቃላቱን ሪፖርት በየሳምንቱ በዓይንህ እየው፣ የስክሪን ፎቶ ብቻ ተልኮልህ አትርካ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ዛሬ ማታ ምን ልሥራ?» የሚል ነበር፣ የወደድኩትም እሱን ነው። ዛሬ ማታ ገንዘብ አታውጡ። ጎግል የማስታወቂያ ግልጽነት ማዕከል የሚባል ገጽ አለው፣ ለማንም ክፍት ነው፣ የተፎካካሪያችሁን ስም አስገብታችሁ ምን ማስታወቂያ እያወጣ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ባለፈው ወር በስልክ የደወሉላችሁን ሰዎች አስታውሱና መጀመሪያ የጠየቋችሁን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። አሥር አሥራ አምስት ጥያቄ ይሆናል። ከእነዚያ ውስጥ ገዢ የሆኑት የጠየቁትን ለዩ። ከዚያም ዌብሳይታችሁን በስልክ ክፈቱና ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ የት ገጽ ላይ እንዳለ ፈልጉ። መልስ ያላገኛችሁለት ካለ መጀመሪያ ገጹን ጻፉለት፣ ኪወርዱን ቀጥላችሁ ታስገባላችሁ።